ስለ ድሬ ዳዋ ደንዳና ውኃ፤ የሚታየውና የማይታየው

በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው፥ የኢያሪኮ ሰዎች ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ቀርበው የከተማቸው አቀማመጥ ያማረ ሲሆን ውኃው ክፉ መሆኑን፥ ከዚህም የተነሣ ምድሪቱ ፍሬ አልባ መሆኗን ነገሩት። ነቢዩም በአዲስ ዕቃ ጨው አስመጥቶ ወደ ምንጩ ራስ ሄደ፤ ውኃውንም በእግዚአብሔር ስም ፈወሰው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው፥ ሰዎቹ ከተማቸውን በጅምላ አልነቀፉም፤ መልካሙን መልካም ብለው ክፉውን ለይተው ተናገሩ። ሁለተኛው፥ ነቢዩ መድኃኒቱን ያፈሰሰው በየቤቱ ገንቦ ሳይሆን ለሁሉ በሚሆነው ምንጭ ላይ ነው። ዛሬ ስለ አንዲት የአገራችን ከተማ ውኃ ስንጽፍ እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዘን እንሄዳለን።

ከተማይቱ ድሬ ዳዋ ናት። ልደቷ ከምድር ባቡር ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ማሠሪያ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፥ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። አስቀድሞ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር፤ ነገር ግን ወደዚያ ከፍታ ሐዲድ ማውጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ባቡሩ በቆላው ሜዳ ላይ ቆመ። ስፍራውም አዲስ ሐረር ተባለ፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ የያዘው ስም ድሬ ዳዋ የሚለውን ነው። ኩባንያው ገንዘብ ስላለቀበት ሐዲዱ ብዙ ዓመት እዚያው ቆየ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ከተማይቱ አደገች። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ቀጥ ባሉና በዛፍ በተጋረዱ መንገዶች የተሠራው ከዚራ፥ ከወንዙ ወዲያ ደግሞ ገበያው ያለበት መጋላ ሆነ። ደቻቱ ራሱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነውና፥ ለከተማው የሚሆነው ውኃ የተገኘው ከምድር በታች ነው። ዛሬም ከተማይቱ በሳቢያን በኩል ከተቆፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች ትጠጣለች።

ይህ ውኃ ከምን ዐይነት ምድር ይወጣል? የድሬ ዳዋ ዙሪያ ተራሮች ብዙው ክፍላቸው የኖራ ድንጋይ ነው። የምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ጁራሲክ በሚባለው እጅግ ጥንታዊ ዘመን ያ አገር በባሕር ተሸፍኖ ነበር፤ የባሕር ፍጥረታት ዛጎልና ከውኃው የረጋው ኖራ ተደራርቦ ድንጋይ ሆነ። በከተማይቱ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ፥ ማለት የጃርት ዋሻ፥ በዚሁ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለ ነው። ይህንንም ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ለሊቃውንት ያስታወቁት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና የምድር መርማሪ የነበሩት ፒየር ቴያር ደ ሻርደን ከሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር ሆነው ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በድሬ ዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ መቋቋሙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሲሚንቶ ዋናው ጥሬ ዕቃ የኖራ ድንጋይ ነውና። እንግዲህ ሲሚንቶውን የሰጠው ተራራና በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያኖረው ተራራ ወንድማማች ናቸው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዝናብ ሲወርድ ከአየሩ፥ ይልቁንም ከአፈሩ፥ ካርቦን ዳዮክሳይድ የሚባለውን አየር ይቀበላል። በዚህም ምክንያት ጥቂት ኮምጣጣነት ስለሚያገኝ፥ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ይወስዳል። ጨው በውኃ ሲሟሟ እንደማይታይ ሁሉ ይህም ለዐይን አይታይም፤ ውኃው ጥሩና ብሩህ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ውኃው በፈላ ጊዜ ያ አየር ይሸሻል፤ አየሩ ሲሸሽ ድንጋዩ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዕቃው ወለልና ከግድግዳው ላይም ይጣበቃል። እንዲህ ያለውን ውኃ የትምህርት ሰዎች ደንዳና ውኃ ይሉታል፤ ተቃራኒውንም ለስላሳ ውኃ። ልኩም ውኃው የያዘው ካልሲየምና ማግኒዝየም በኖራ ድንጋይ ሚዛን ተሰልቶ ይነገራል፤ በአንድ ሊትር እስከ 60 ሚሊግራም ያለው ለስላሳ፥ ከ180 በላይ ያለው እጅግ ደንዳና ነው። የድሬ ዳዋ ጕድጓዶች ውኃ ከዚህ ከኋለኛው ወገን ነው።

ኖራ ያለበት ውኃ በእንፋሎት ለሚሄድ ባቡር የታወቀ ጠላት ነው። ውኃው በሚፈላበት የብረት ጋን ውስጥ ቅርፊቱ እየወፈረ ሲሄድ እሳቱንና ውኃውን ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ዐይነት ኀይል ለማግኘት ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ ብረቱም ከመጠን በላይ ግሎ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። በዓለም ሁሉ የእንፋሎት ባቡር ሠራተኞች ጋኑን በየጊዜው እየከፈቱ የሚያጥቡትና የሚፍቁት ስለዚህ ነበር። የጅቡቲና የአዲስ አበባ መሥመር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ናፍጣ ሞተር ሲዛወር ያ የእንፋሎት ዘመን አለፈ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። ባቡሩ እንግዲህ ከኖራው ነጻ ወጣ፤ የከተማው ወጥ ቤት ግን አልወጣም።

በቤት ውስጥ ያለውን ጉዳት ለማስተዋል ከሳሙና መጀመር ይሻላል። ሳሙና በደንዳና ውኃ ሲታሽ አስቀድሞ አረፋ አያወጣም፤ ከኖራው ጋር ተያይዞ እንደ ረጋ ወተት ያለ ዝቃጭ ይሆናል። ኖራው ተይዞ ካላለቀ በቀር ሳሙናው ወደ ዕድፉ አይደርስም። ስሌቱን እንመልከት። በአንድ ሊትር 300 ሚሊግራም ያለበት ውኃ ቢሆን፥ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውስጥ 6 ግራም አለ ማለት ነው። አንድ እጅ የኖራ ድንጋይ ወደ ስድስት እጅ የሚሆን ንጹሕ ሳሙና ስለሚያበላሽ፥ ያ ጀሪካን ውኃ ሁሉ እስኪያረፋ ድረስ 36 ግራም ሳሙና ከንቱ ይሆናል። እንግዲህ 200 ግራም የሚመዝን ሳሙና ከስድስት ጀሪካን ባነሰ ውኃ ውስጥ ያልቃል፤ ልብሱ ግን ገና አልታጠበም። ዝቃጩም በልብሱ ክር ውስጥ ስለሚገባ ነጩ ይደበዝዛል፥ ጨርቁም ይደርቃል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ዱቄት ሳሙና ኖራውን የሚቋቋም ሆኖ ስለ ተሠራ ይህን ጉዳት ቀንሶታል፤ ነገር ግን በደንዳና ውኃ ከሆነ እርሱም በብዛት መጨመር ያስፈልገዋል።

ከሳሙና ቀጥሎ ማገዶ ነው። ቅርፊት ባለበት ማንቆርቆሪያ ውኃ ለማፍላት ጊዜና ከሰል ይበዛል፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለውም ሰው ብረቱ በኖራ ተሸፍኖ ሲቃጠልበት ያያል። ባቄላና ሽምብራ በደንዳና ውኃ ሲቀቀል ቆዳው ስለሚጠነክር ቶሎ አይበስልም፤ የሻይ ፊት በስስ ሽፋን ይጋረዳል፤ የቧንቧው አፍና የገላ መታጠቢያው ቀዳዳ በነጭ ድንጋይ ይደፈናል። ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን በየቀኑ የሚከፈል ግብር ነው። ግብሩንም በይበልጥ የሚከፍሉት ሴቶችና ድኾች ናቸው፤ ባለጸጋ ማሞቂያው ሲበላሽ ሌላ ይገዛል፥ ለመጠጡም የታሸገ ውኃ ያስመጣል፤ ልብስ አጥባ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ግን ከገቢዋ ላይ ሳሙናውን ትቀንሳለች።

ይህን የመሰለ ክርክር ከእኛ በፊት በእንግሊዝ አገር ተነሥቶ ነበር። ለንደን ከኖራማ ምድር የሚመጣ ውኃ ትጠጣለች። እ.ኤ.አ. በ1841 የአበርዲን መምህር የነበረው ቶማስ ክላርክ ኖራን በኖራ የማውጣት ብልሃት አግኝቶ የባለቤትነት ፈቃድ ወሰደ። ይኸውም የተቃጠለ ኖራ በልክ ወደ ውኃው ሲጨመር፥ ድንጋዩን አሟሙቶ የያዘውን አየር ስለሚሻማ የተጨመረውም የነበረውም አብረው ይረጋሉ፤ ውኃውም ለስላሳ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1850 ደግሞ የመንግሥቱ አጠቃላይ የጤና ጉባኤ ስለ ለንደን ውኃ ሰፊ መግለጫ አወጣ፤ በዚያም ደንዳናው ውኃ ሳሙናን፥ ሻይን፥ ልብስንም እንዴት እንደሚያባክን ተዘርዝሮ ለስላሳ ውኃ ከሌላ ስፍራ እንዲመጣ ተመከረ። ምክሩ ግን አልተፈጸመም።

ክርክሩ ከተነሣ ከአራት ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ ወር መጨረሻ እ.ኤ.አ. 1854፥ በለንደን ሶሆ በሚባለው ሰፈር በብሮድ መንገድ ዙሪያ ኮሌራ ገባ፤ በጥቂት ሳምንትም ከ600 በላይ ሰው ጨረሰ። በዚያ መንገድ ላይ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ነበረ። ውኃው ብሩህና ጣዕሙ የተወደደ ስለ ነበረ፥ ወደ ሌላ ሰፈር የሄደች አንዲት መበለት ሳትቀር ከዚያ እያስቀዳች ትጠጣ ነበር፤ እርሷም በዚሁ በሽታ ሞተች። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት እየቈጠረ ምክንያቱ ያ ፓምፕ መሆኑን ተናገረ፤ በመስከረም 8 ቀንም፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

በዚህ ስፍራ ካህናት አባቶች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሰፈሩ የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ረዳት ካህን የነበረው ሄንሪ ዋይትሄድ የስኖውን ቃል አላመነም ነበር፤ ስሕተት መሆኑንም ለማስረዳት አስቦ ምርመራ ጀመረ። በሽታው በነበረበት ወራት የታመሙትን ሲጠይቅ፥ የሚሞቱትንም ሲያጽናና ስለ ቆየ፥ የእያንዳንዱን ቤት ሰው በስም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ከሞት የተረፉትንም ጭምር ምን ውኃ እንደ ጠጡ እየዞረ ጠየቀ። በመጨረሻም ማስረጃው ሁሉ ወደ ስኖው ወገን አዘነበለ፤ ካህኑም እውነቱን ተቀበለ። ከዚህ አልፎ፥ በሽታው ከመስፋቱ አስቀድሞ በፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት አንዲት ሕፃን በተቅማጥ መሞቷን፥ እናቷም የጨርቋን እጣቢ በቤቱ ፊት ባለው የእድፍ ጕድጓድ ትደፋ እንደ ነበር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1855 ስፍራው ሲቆፈር የእድፍ ጕድጓዱ ግንብ ፈርሶ፥ ክንድ ከስንዝር ባልበለጠ ርቀት ወዳለው የውኃ ጕድጓድ ይሰርግ እንደ ነበር ታየ። ሊቃውንቱ ስለ ኖራና ስለ ሳሙና ሲከራከሩ፥ የገደለው ነገር የማይታየው ነበር። በዐይን የሚታየው ብሩህነትም፥ በምላስ የሚታወቀው ጣዕምም ለንጽሕና ምስክር መሆን አልቻለም።

ሁለተኛው ምሳሌ የግላስጎ ከተማ ናት። ይህች የስኮትላንድ ከተማ የኢያሪኮን ብልሃት ተከተለች ለማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱን የፈለገችው በምንጩ ነውና። በመሐንዲሱ በጆን ፍሬዴሪክ ቤትማን መሪነት ከካትሪን ሐይቅ ውኃ አስመጣች፤ ሥራውንም ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1859 መርቀው ከፈቱት። የሐይቁ ውኃ እጅግ ለስላሳ ስለ ሆነ የከተማው ሰው በሳሙና ወጪው ብዙ አተረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ኮሌራ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜም፥ ቀድሞ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ያጣችው ከተማ ጥቂት ሰው ብቻ አጣች። ይህ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን በየቤቱ የተዘረጋው ቧንቧ ከእርሳስ የተሠራ ነበር። ለስላሳና ጥቂት ኮምጣጣ ውኃ እርሳስን ያሟሟል፤ ደንዳናው ውኃ ግን የቧንቧውን ውስጥ በኖራ ቅርፊት እየለበጠ ይጠብቃል። ስለዚህ ለግላስጎ ሰዎች ሳሙናቸውን ያተረፈላቸው ውኃ መርዝ ወደ ደማቸው ያገባ ነበር። ይህ በምርመራ ተገልጦ እ.ኤ.አ. በ1978 በውኃው ላይ ኖራ ይጨመርበት ጀመር። አንዱ ከተማ ከውኃው ኖራ ለማውጣት ሲደክም ሌላው ከተማ ለሕይወት ብሎ ኖራ ጨመረ።

እነዚህን ምሳሌዎች ይዘን ወደ ድሬ ዳዋ እንመለስ። በከተማይቱ የሚኖር ሰው በማሰሮው ውስጥ ነጩን ቅርፊት ሲያይ፥ ይህ ድንጋይ በኵላሊቴ ውስጥም ይረጋል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ዐይን ያየውን ልብ ይፈራልና። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት የውኃን ደንዳናነት ለጤና አስጊ ብሎ የወሰነለት ልክ የለም፤ ደንዳና ውኃ የኵላሊት ጠጠር ያመጣል ለማለት የሚበቃ ማስረጃም አልተገኘም። በቆላ አገር ላብ በዝቶ የሚጠጣው ውኃ ሲያንስ ግን ጠጠር እንደሚያድግ የታወቀ ነው። እንግዲህ ኖራውን ፈርቶ ውኃ የሚቀንስ ሰው ወደ ሸሸው ነገር ይሄዳል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅና ዋሻ የሞላበት ስለ ሆነ ከላይ የፈሰሰውን እንደ አሸዋ አጣርቶ አያሳልፍም፤ ቶሎ ያወርደዋል። ከተማው በሰፋ ቍጥር የመጸዳጃ ጕድጓዱም በዝቷል። የከርሰ ምድር ውኃ መርማሪዎች በድሬ ዳዋ ናይትሬት የሚባለው ነገር በአንዳንድ ጕድጓዶች ከልክ በላይ መገኘቱን፥ ምንጩም በይበልጥ የሰው እዳሪ መሆኑን ጽፈዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ ያለፈው በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ንጹሕ አየር እንዳይሸከም ያደርጋልና። ናይትሬት ቀለም የለውም፤ ጣዕሙም አይታወቅም። በማፍላትም አይወጣም፤ ውኃው ሲተን የቀረው ይልቁን ይበረታል። እናት ውኃውን አፍልታ ነጩ ድንጋይ ከወለሉ ሲረጋ አይታ፥ አሁን ነጻ ብላ ለልጇ ትቀዳለች፤ ነገር ግን የወጣው ጉዳት የሌለው ነው፤ የቀረው ጉዳት ያለው ነው። ማፍላት ለተቅማጥና ለኮሌራ ተባይ መድኃኒት መሆኑ የተመሰገነ ነው፤ ለዚህ ግን አይደርስም።

ስለዚህ ክፉውን ለይቶ መናገር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ለኖራው የሚሆነው በየቤት የሚደረግ ቀላል ነገር ነው፤ ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ወይም በሆምጣጤ ማጠብ፥ ቅርፊቱ ሳይወፍር በየጊዜው ማስለቀቅ፥ ዝናብ ሲገኝ የጣራውን ውኃ ለልብስ ማጠቢያ ማጠራቀም። ይህ የኪስ ነገር ነው፤ በትዕግሥትና በጥንቃቄ ይቀልላል። የማይታየው ግን በየቤቱ ገንቦ አይፈወስም። የሚፈወሰው በምንጩ ነው፤ ይኸውም የጕድጓዶቹን ዙሪያ ከሰፈራና ከእድፍ በመከለል፥ የመጸዳጃውን ፍሳሽ በግንብና በቧንቧ በመሰብሰብ፥ ውኃውን በየጊዜው መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ በግልጥ በማስታወቅ ነው። ለዚህም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡንም ለመስጠት ሕዝቡ የሚያስፈልገውን ነገር ማወቅ አለበት። ሰው ግን ለማያየው ነገር ገንዘብ ለማውጣት ይዘገያል፤ ከተሞች ሁሉ የሚወድቁት በዚህ ነው።

በዚህ መካከል የካህናት ድርሻ ትንሽ አይደለም። የነፍስ አባት ወደ እያንዳንዱ ቤት ይገባል፤ ሕፃን ሲወለድም፥ ሲታመምም፥ ሲሞትም ያውቃል። ሄንሪ ዋይትሄድ ከሐኪሙ የበለጠ የሕክምና እውቀት አልነበረውም፤ የነበረው የቤቶቹ መታወቅና እውነትን እስከ መጨረሻ የመጠየቅ ትዕግሥት ነው። በየሰፈሩ ያለ አባት፥ ለጨቅላ ሕፃን የሚሆን ውኃ ከተመረመረ ጕድጓድ እንዲቀዳ፥ ከሁሉም ይልቅ ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ቢመክር፥ ነጩንም ቅርፊት አትፍሩ ብሎ ቢያረጋጋ፥ ይህ ምክር ነፍስ ያድናል።

የድሬ ዳዋ አቀማመጥ ያማረ ነው፤ ሐዲዱ ቢያልፍም ከተማይቱ አላለፈችም። ከተራራዋ የወረደላት ኖራ ቤቷን ሠርቶላታል፥ ሳሙናዋንም አባክኖባታል፤ ሕይወቷን ግን አልወሰደባትም። ሕይወትን የሚነካው እኛው በምድር ላይ ያፈሰስነውና ምድር የመለሰችልን ነው። የኢያሪኮን ምንጭ የፈወሰ አምላክ፥ በምንጩ ላይ ለመድከም ልቡናውንም ኅብረቱንም ይስጠን።